በመስኮቴ መዝጊያ ላይ የቀረበው አይብ

ወሬው የደረሰኝ ምስር ስለቅም ነው። ክፉ ወሬ የሰማ ሰው በእጁ የያዘውን ይጥላል ይባላል። እኔ አልጣልኩም፤ ለቅሜ ያወጣሁትን ጠጠር ቀስ ብዬ መልሼ ምስሩ ውስጥ ጨመርኩና በጥንቃቄ አማሰልኩት። ምን ያህል እንደ ደነገጥኩ ያወቅሁት በማግሥቱ ነው፤ ወጡን የቀመሰ ሁሉ ጉንጩን ይዞ ሲነሣ።

ጊዜው ጥልያን ደብረ ማርቆስን ይዞ የነበረበት ነው። ወሩ ኅዳር፥ ጾመ ነቢያት ከገባ ገና ሁለተኛ ቀኑ። ወሬውን ያመጣልኝ የካፒታኑ አስተርጓሚ ነበር፤ በዚያን ጊዜ አጠራር ቱርጁማን። የዚሁ የማርቆስ ልጅ ነው፤ ሰላምታው የኛ፥ ጫማው የነሱ።

«እሜቴ፥ እንደምን ዋሉ? ካፒታኑ አይብ ይፈልጋል።»

«ይፈልግ። እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«ከርስዎ ነው የሚፈልገው። ለኅዳር ጽዮን ዕለት ከአዲስ አበባ አንድ ኮሎኔል ይመጣል፤ ግብር ይበላል። ከምግቡ በኋላ አይብና ፍሬ በሳንቃ ላይ ተደርድሮ ይቀርብለታል። ደርዳሪዋ እርስዎ ነዎት።»

ለምን እኔ? እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የራሴው ነው። ባለቤቴ መሪጌታ ከታሰሩ ሦስተኛ ወራቸውን ይዘው ነበር። ቤታችን ሲፈተሽ አንድ ቀንድ ቀለም፥ ጥቂት የመቃ ብዕርና ግማሽ ብራና ተገኘባቸው፤ «ይህ ሰው ለሽፍቶች ደብዳቤ ይጽፋል» ተባለ። እንኳን ለሽፍታ፥ ለእናቴ አንዲት ደብዳቤ ይጻፉልኝ ብያቸው ሁለት ዓመት አስቆጥረውኛል! ይህን ግን ለካፒታኑ ብነግረው ማን ያምነኛል? ጸሐፊ ሰው ለቤቱ እንደማይጽፍ የሚያውቅ የጸሐፊ ሚስት ብቻ ናት።

እኔ የቡልጋ ሰው ነኝ። ከአባይ ወዲህ ከባሌ በቀር ዘመድ የለኝም፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሸዌዋ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ዘመድ የሌለው ሰው ደጅ የሚጠናው በእጁ ሙያ ነው። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ አንድ ማሰሮ አይብ ይዤ ካፒታኑ ደጅ ሄጄ ነበር። ተቀበለኝ። ባሌንም አልፈታልኝ፥ ማሰሮውንም አልመለሰልኝ። ለካስ አይቡን ወዶት ኖሯል።

ቱርጁማኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካፒታኑ ምን አለ መሰለዎት? ኮሎኔሉ ከተደሰተ መሪጌታ በዚያው ዕለት ቤታቸው ይገባሉ። ካፒታኑ በእንግዳው ፊት ካፈረ ግን፥ ሰኞ ወደ ሩቅ አገር ከሚጫኑት እስረኞች ጋር ይጫናሉ።»

ወደዚያ ሩቅ አገር ከተጫነ ሰው መካከል ተመልሶ ያየነው አልነበረም። ሌላዋ ሴት ለባሏ አንገት ወርቋን ትሸጣለች፥ ጠጉሯን ተላጭታ ገዳም ለገዳም ትዞራለች። በኔ ላይ የተፈረደው አይብ መደርደር ሆነ።

«የራሳቸውን አይብ ለምን አይበሉም?» አልኩት።

«የነሱማ መጥቶ ነበር። ካሚዮኑን ከሉማሜ ወዲህ አርበኞች አገኙት።»

ያን ወሬ እኛም ሰምተናል። የነሱ አይብ እንደ ወፍጮ መጅ የከበደ፥ ቢወድቅ የማይሰበር ነገር ነው አሉ። አርበኞቹ መጀመሪያ ለጦር መሣሪያ ተጠራጥረውት ከሩቅ በድንጋይ ደበደቡት። አንዱ ሳሙና መስሎት ወንዝ ወርዶ ልብሱን አጠበበት፤ ልብሱ አልጠራም፥ የአገሩ ውሾች ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰውዬው አልለይ አሉ።

በዚህ መካከል እትየ አትጠገብ ገቡ። እትየ አትጠገብ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ አጥሩን የምንጋራው እኛ ነን፥ ጆሮው ግን የሳቸው ብቻ ነው። ሁሉን ሰምተው ስለ ነበር እንደ ገና የሚነግራቸው አላስፈለገም።

«አንተ ልጅ፥ በሳንቃ ላይ አልክ? ሬሳ ነው እንዴ በሳንቃ የሚቀርበው?»

«ባህላቸው ነው እትየ።»

«ከበሉ በኋላ አይብ? ጉሮሯቸው ተቃጥሎ ነው?»

«እነሱ በርበሬ አይበሉም።»

«ታዲያ አይቡ ምን ሊያበርድ?»

ቱርጁማኑ ሁለት ቋንቋ ያውቃል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን በሁለቱም አልተማመነም። ይልቅ ከኪሱ አንድ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋልን። ካፒታኑ በእጁ የሣለው ነው፤ ረጅም ሳንቃ፥ በሦስት የተከፈለ። አንደኛው ክፍል አረንጓዴ፥ መካከሉ ባዶ፥ ሦስተኛው ቀይ።

«የባንዲራቸው መልክ ነው፤» አለ። «አረንጓዴ ፍሬ፥ ነጭ አይብ፥ ቀይ ፍሬ። የካፒታኑ የገዛ ሐሳቡ ነው። ለኮሎኔሉም አስቀድሞ በደብዳቤ ጽፎለታል።»

እትየ አትጠገብ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው እያገላበጡ አዩት። «መካከሉን ቀለም አልቆበት ነው?»

«ነጭ ነው እኮ እትየ።»

«አሃ፤» አሉ።

ያን «አሃ» ልብ በሉልኝ። እኔ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሳንቃው ቸገረኝ። አናጢ የተባለ ሁሉ ለጥልያን ሰፈር ሊሠራ ተወስዷል። በቤቴ ውስጥ በደንብ የተላገ ጣውላ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የመስኮቴ መዝጊያ። ዋንዛ ነው፥ መሪጌታ ካገባኝ በኋላ ያሠሩልኝ፥ የቆላ ነፋስ የማያንኳኳው። ነቀልኩት። በአመድ ፈትጌ፥ በፈላ ውኃ አጥቤ፥ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። መስኮቱ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ጭሱ በበኩሉ ሲወጣ የጎረቤት ድመት በበኩሏ ትገባ ጀመር።

ቀጥሎ አረንጓዴው። ይጁቤ ገበያ ከቆላ ሎሚ ይወጣል ብለውኝ አንድ ቀን ሙሉ በእግሬ ሄድኩ።

«ያልበሰለ ሎሚ አለህ?» አልኩት ባለ ሎሚውን።

«የበሰለ ነው ያለኝ። እይው፥ እንደ ወርቅ ቢጫ!»

«ቢጫ አልፈልግም። አረንጓዴ፥ ጥሬውን ነው የምፈልገው።»

«ምን ይሠራልሻል?»

«ለእንግዳ ነው።»

ሰውዬው ሎሚውን አስቀምጦ አየኝ። «ይህ እንግዳ ምን በድሎሽ ነው?»

መልሱ ረጅም ነበር፤ ገበያው ደግሞ ጆሮ የበዛበት። ከቅርጫቱ ሥር ያለውን፥ ለመጣል የለየውን ጥሬ ሎሚ ሁሉ ለቀምኩ። ሎሚው ያነሰ እንደሆነ ብዬ ደግሞ የሽምብራ እሸት ጨመርኩ። ከቢጫ እንዲህ ከይጁቤ ጀምሬ እሸሽ ነበር እንግዲህ፤ እግዜር ከላይ ሆኖ ሲያየኝ ምን ብሎ ይሆን?

ለቀዩ ቀጋ ቆረጥኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ዙሪያ ሞልቷል። ቀጋ ደግ ፍሬ ነው፤ እሾሁ ግን ካፒታኑንም ያስንቃል። ሁለት ቀን ለቅሜ ስመለስ እጄ ተቦጫጭሮ ያየኝ ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» ይለኛል። እትየ አትጠገብ ብቻ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፥ «አንቺ ልጅ፥ ኮሎኔሉ ከብት ጠባቂ ነው እንዴ ቀጋ የሚያበሉት?» አሉኝ።

አይቡ ቀላል ይሆናል ያልኩት ነገር ነበር። በጾም ወተት የሚፈልጉ ሁለት ናቸው፤ ጥጃና ጥልያን። ስለዚህ እርጎው በነጻ በሚባል ሁኔታ ሞላልኝ። ናጥኩት፥ ቅቤውን አወጣሁ፥ አሬራውን በዝግታ አሞቅሁት፥ አይቡ ሲንሳፈፍ አጠለልኩት። ከዚያ በኋላ ቆሜ ቀረሁ። ማን ይቅመስልኝ? ኮምጥጦ ይሁን፥ ጨው አንሶት ይሁን፥ በምን ልወቅ? ሰፈሩ በሙሉ ጾመኛ ነው። የሸማኔው ባለቤት እሜት ዘይነባ አሉልኝ ብዬ በደስታ ስሮጥ ለካ ረመዳንም በዚያው ሰሞን ገብቷል። ፀሐይ እስክትጠልቅ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ጠለቀች። አንድ ጣት ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አሰቡ።

«እህስ እሜት ዘይነባ?»

«አይብ ነው፤» አሉኝ።

ከዚህ በላይ አልተብራራልኝም። ቤቴ ገብቼ አሸተትኩት። ካሸተትኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ኅሊናዬ አላስተኛ ሲለኝ ማልጄ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፥ አይብ ማሽተት ጾም ይሽራል?»

«ሆን ብለሽ ነው ያሸተትሽው?»

«ኮምጥጦ እንደሆነ ለማወቅ ነው።»

«ታዲያ ኮምጥጧል?»

«ትንሽ ኮምጠጥ ብሏል። የትኩስ አሬራ ሽታ ያለው፥ ለስለስ ያለ...»

አባ ምራቃቸውን ሲውጡ ሰማኋቸው። «በቃሽ!» አሉ። «አንቺ አርባ ስገጂ። እኔም አርባ እሰግዳለሁ።»

በዋዜማው ከእትየ አትጠገብ ጋር ትልቁን ጠብ ተጣላን። አይቡን በሰፌድ ላይ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ።

«ቅቤው የታለ?»

«ቅቤ የለውም እትየ። ነጭ መሆን አለበት።»

«ደረቅ አይብ ለእንግዳ! በጎጃም ምድር! ይህ ነገር በሉማሜ ቢሰማ፥ በቁይ ቢሰማ፥ ልጆቻችንን ማን ያገባቸዋል?»

«እንግዳው እኮ ጠላት ነው።»

«ጠላትም ቢሆን እንግዳ ነው። ይተኩሱበታል እንጂ ደረቅ አይብ አያበሉትም።»

«እትየ፥ የመሪጌታ ነገር ነው፤ በማርያም ይዤዎታለሁ፥ አይንኩብኝ።»

«እሺ፤ እኔ ምን ቸገረኝ፤» አሉ። እሺ ሲሉ ግን እጃቸውን በቀሚሳቸው ይጠርጉ ነበር፤ ሥራ ሊጀምር እንዳለ ሰው።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ጧት ደረደርኩት። ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና፥ ያምር ነበር። በአንዱ በኩል አረንጓዴ ሎሚና እሸት፥ በሌላው በኩል ቀዩ ቀጋ እንደ ዶቃ፥ መካከሉን ደግሞ አይቡ እንደ ጥምቀት ልብስ ነጭ። በሰፌድ ከደንኩት፥ ሻሽ አለበስኩት። ዛሬስ ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ልቅር አልኩ። ግን ደግሞ ማርያምን ሳልለምን እንዴት አድርጌ ባሌን ከጥልያን አፍ አወጣለሁ? ላስቀድስ ብዬ ተነሣሁ። ጠንቃቃ ሰው ነኝና በሩን ቆለፍኩ፤ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩ፤ ሦስት ጊዜ ስቤ አረጋገጥኩ። ከእትየ አትጠገብ፥ ከድመቷ፥ ከሌባው፥ ከሁሉም ጠበቅሁት።

በቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬ ተሳልኩ። «እመ ብርሃን፥ መሪጌታን ያወጣሽልኝ እንደሆነ ጃንጥላ አስገባለሁ፤» አልኩ። ቀጥሎ የቤቴ ነገር ታየኝና፥ «መካከለኛውን ጃንጥላ፤» ብዬ አስተካከልኩ። ከእግዚአብሔር እናት ጋር ግልጽ መነጋገር ጥሩ ነው።

ስመለስ ሁለት ባንዶች ከደጄ ቆመው ይጠብቁኛል። በሩን ከፈትኩ፤ ሳንቃውን እንደ ተሸፈነ አንሥተው ወጡ። እትየ አትጠገብ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ያለ ልማዳቸው መጥተው ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳሙኝና «እግዜር ካንቺ ጋር ይሁን፤» አሉኝ። ልቤ ተነካ። ታረቅን አልኩ።

ድንኳኑ ከካፒታኑ ቤት ደጅ ተተክሏል። ኮሎኔሉ በረጅሙ ጠረጴዛ ጎን፥ በመካከል ተቀምጧል፤ ቀይ፥ ወፍራም፥ አገራችንን ከረገጠ ገና ወር ያልሞላው ሰው። መኮንኖቹ ግራና ቀኝ። በጠረጴዛው ጫፍ፥ ከበሩ በኩል ደግሞ ለጥልያን የገቡት ባላባቶች አሥራ ሁለት ሆነው፥ ለጌጥ ተቀምጠዋል። ጾም ነውና አይበሉም፤ ሰው ሲበላ እንዲያዩ ነው የተጠሩት። ከሁሉ ፊት አንድ ሽማግሌ ቀኛዝማች አሉ፤ ጢማቸው እስከ ደረታቸው።

ሳንቃው በጠረጴዛው ርዝመት ተጋደመ፤ አረንጓዴው ከባላባቶቹ ማዶ፥ ቀዩ ወደ ባላባቶቹ። ካፒታኑ ተነሥቶ ንግግር አደረገ። «ሐሳቡ የኔ ነው» የሚለውን ቱርጁማኑ አራት ጊዜ ተረጎመው። ከዚያ ወደኔ ጠቀሰ።

ሻሹን ገፈፍኩ። ሰፌዱን አነሣሁ።

መካከሉ ቢጫ ነው።

ነጣ ያለ ቢጫ አልነበረም፤ አንጸባራቂ፥ የመስቀል አበባ የመሰለ፥ ኀፍረት የሌለው ቢጫ ነው። ቅቤው ገና ያብለጨልጫል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። ያው ነው። ለጥልያኖቹ ከጎን ሲታይ መስመሩ የቆመ ነው፤ ጫፍ ላይ ለተቀመጡት ለኛዎቹ ግን የተጋደመ ነበር፤ ከላይ አረንጓዴ፥ ከመካከል ቢጫ፥ ከታች ቀይ። ከወረደ ዓመት ከመንፈቅ ያለፈው፥ በየቤቱ ከሣጥን ሥር የተደበቀው ያ ባንዲራ፥ በጥልያን ድንኳን ውስጥ፥ በመስኮቴ መዝጊያ ላይ ተዘርግቷል።

ሽማግሌው ቀኛዝማች ቀና አሉ። የሳቸው ዓይን ከቅርቡ የሩቁን ይመርጣል፤ አይብ መሆኑን አላዩም ይሆናል፥ ቀለሙን ግን አዩ። ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ። ኩታቸውን ከትከሻቸው አውርደው አደገደጉ። ከኋላቸው ያሉት አንድ በአንድ ተነሡ፤ አሥራ ሁለቱም አደገደጉ። አንዱ ዓይኑን በኩታው ጫፍ ሲጠርግ አይቻለሁ።

«ምን ሆነው ነው?» አለ ኮሎኔሉ።

ቱርጁማኑ አይቶ ነበር፤ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። ሆኖም ልጁ ያለ ነገር ቱርጁማን አልሆነም። «ለክብርዎ ነው የተነሡት፤» አለው።

ይህ ወፍራም ሰውዬ በደስታ ተነፋ። እሱም ተነሣ! እሱ ሲነሣ መኮንኖቹ በሙሉ ተነሡ፤ ኮሎኔሉ ለአጸፋ ሰላምታ እጁን ግንባሩ ላይ ሲያደርግ እነሱም አደረጉ፤ በሩ ላይ የቆሙት ወታደሮች ጠመንጃቸውን በፊታቸው አቆሙ። በዚያች ሰዓት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለአይቤ ሰላምታ ያልሰጠ የጥልያን ሹም አልነበረም።

ካፒታኑ ብቻ ወደ ባላባቶቹ ጎን ዞሮ ምን እንደሚያዩ ሊያይ ሄደ። አየ። ፊቱ መጀመሪያ ቀይ ሆነ፥ ቀጥሎ ነጭ፥ በመጨረሻ ወደ አረንጓዴ አደላ፤ የገዛ ባንዲራውን ፊቱ ላይ ሰቀለው። አፉን ከፈተ። እኔ በልቤ ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ፤ መሪጌታ ሰኞ ሲጫኑ በዓይኔ ታዩኝ። ግን ምን ሊል ይችላል? «ሐሳቡ የኔ ነው» ብሎ አራት ጊዜ አስተርጉሟል። በደብዳቤ ጽፏል። ኮሎኔሉ ሰላምታ ሰጥቶ ጨርሷል። አፉን መልሶ ዘጋው፤ ማንኪያ አነሣ፤ ቱርጁማኑንም በዓይኑ ጠቀሰው።

ቱርጁማኑ በአጠገቤ ሲያልፍ «ስለ ነፍሴ ይጸልዩልኝ፤ ጾመኛ ነኝ፤» አለኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ሁለቱ በግራና በቀኝ ቆመው ቢጫውን እንደ ዘማች ይበሉት ጀመር። በጦርነትም እንዲህ ፈጥነው የሚሠሩ አይመስለኝም። ኮሎኔሉ አንድ ማንኪያ ደረሰው፤ ቅመሙ ሽቅብ ወጣለት፤ ዓይኑ በራ።

«ድንቅ ነው! ቢጫው ይጨመርልኝ!»

«አልቋል፤» አለ ካፒታኑ አፉ እንደ ሞላ። ምክትሉ ጥሬውን ሎሚ ገምጦ እንባው ሲወርድ ኮሎኔሉ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ አገሩ ናፍቆት የሚያለቅስ መስሎት ነው።

ካፒታኑ አፉን ጠርጎ ወደኔ መጣ። በዝግታ ተናገረ፤ ቱርጁማኑ ከሱ ዝግ ብሎ ተረጎመው። «ባልሽን ይዘሽ ሂጂ። አሁኑኑ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ አይብ የሚባል ነገር አላውቅም። አንቺም አታውቂም።»

መሪጌታ በዚያው ቀን ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ወጡ። ከስተዋል፥ ጢማቸው ሸብቷል። እቅፍ አድርጌ ሳለቅስ መጀመሪያ የተናገሩት፥ «ምነው? ጾም አይደለም እንዴ? ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ፤» ነው።

ቤት እንደ ደረስኩ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። «እትየ፥ ምን አደረጉኝ? ሊያስገድሉብኝ ነበር እኮ!»

«ደረቅ ነበረ፤ ቅቤ ጠብ አደረግሁበት፤» አሉ፥ ምስር እየለቀሙ። «ነውርሽን ሸፈንኩልሽ። ባልሽ ገባ አይደለም?»

ባሌ ገብቷል። ስለዚህ በየት በኩል እንደ ገቡ እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ጥልያን ከወጣ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ታሪኩ ከአሥራ ሁለቱ ባላባቶች አፍ ወጣ። «ያቺ ሸዌዋ በጠላት ድንኳን ባንዲራ የዘረጋች፥ ኮሎኔሉን ሰላምታ ያሰጠች!» ተባልኩ። በዓል በመጣ ቁጥር ከአርበኞች ጋር ከፊት ወንበር ያስቀምጡኛል። «ኧረ እኔ አይደለሁም፥ ቅቤ ነው!» እላለሁ። «ትሕትናዋ!» ይላሉ። ማልኩ፤ «አርበኛ እንዲህ ነው፥ ሥራውን አያወራም፤» አሉ። እትየ አትጠገብ ከሕዝቡ መካከል ሆነው ከሁሉ በላይ እልል ይላሉ።

አሁን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ይህን ሁሉ ዓመት የእትየ አትጠገብን ቅቤ ስበላ ኖሬያለሁ፤ ነጭ ነው። ቅቤን ቢጫ የሚያደርገው እርድ የሚባል ነገር ከቤታቸው ገብቶ አያውቅም፤ «እርድ የሸዌ ጌጥ ነው፤» እያሉ ነው የሚያሾፉብኝ። ያን ጊዜ በሰፈራችን እርድ ያለው ቤት አንድ ነበር፤ የኔ፥ ከቡልጋ ያመጣሁት፥ በጨርቅ ቋጥሬ ከመስኮቱ አጠገብ የሰቀልኩት። ከኅዳር ጽዮን ማግሥት ቋጠሮው ግማሽ ሆኖ ሳገኘው በድመቷ ነበር ያሳበብኩት። እርድ የምትበላ ድመት እስካሁን አላጋጠመችኝም። በሩን ቆልፌ፥ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ ስሄድ፥ አይቡን የተሸከመው ሳንቃ የመስኮቴ መዝጊያ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ለነውሩ ብቻ ቢሆን ነጩ ቅቤያቸው ይበቃ ነበር። እርዱን ምን አስነካቸው? ስጠይቃቸው፥ «እኔ በዚህ ጉልበቴ መስኮት ልወጣ?» ብለው ይስቃሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ብቻቸውን አይወጡትም። ከሥር የደገፋቸው ሰው አለ። ስለዚህ በዚያ ቀን እትየ አትጠገብን ወደ መስኮቴ ያነሣችሁ ሰዎች፥ ወንድ ሁኑ ሴት፥ እለምናችኋለሁ፤ ሲወጡ ምን እያሉ ነበር? ነገሩ ለነውሩ ከሆነ፥ በባሌ አንገት ቅቤ ስላሹበት አንድ ቀን በደንብ ልጣላቸው። ለቀለሙ ብለው ከሆነ ግን፥ ከፊት ያለው ወንበር የሳቸው ነው፤ የሰው ክብር ለብሼ በተቀመጥኩ ቁጥር አርባ መስገድ ጉልበቴን ጨርሶታል። ደግሞ ከድንኳኑ ያልተመለሰልኝ መዝጊያዬ በማን ቤት እንዳለ የምታውቁ ብትኖሩ፥ ዋንዛ ነው፥ ከመካከሉ ቢጫ እድፍ አለበት።

መልሱን ለማድረስ በር ማንኳኳት አያስፈልጋችሁም። በመስኮቱ በኩል አቀብሉኝ፤ እስከ ዛሬ ክፍት ነው።